የመጨረሻውን ቫርኒሽ ከመርጨትህ በፊት

ወንድሜ፣ ስለ ጀርመኗ የጦር መርከብ ሞዴልህ «የ1/350 ቢስማርክን በኢናሜል ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ምን ቫርኒሽ ልርጭበት? ዝገትስ ምን ያህል ላሳይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይህችኑ መርከብ ከእውነተኛዋ 350 ጊዜ አሳንሼ፣ በዚሁ ስኬልና በዚሁ ዘይት ነክ ቀለም ስለ ሠራኋት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የቫርኒሹን ጣሳ ለጊዜው ራቅ አድርገህ አስቀምጠውና አንብበኝ።

1. ዝገቱን ቀንስ። ቢስማርክ አገልግሎት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1940 ነው፤ የሰጠመችው ሜይ 27 ቀን 1941። ዘጠኝ ወር በቅጡ ከሞላ በኋላ ያለቀላት መርከብ ናት። ከመልሕቁ ሥር ቀጭን መስመር፣ ከውኃ መውረጃዎቹ በታች ደግሞ ፈዘዝ ያለ ጥላ ይበቃታል። ወደብ ላይ ተጥላ ዓመታት የበሰበሰች አስመስለው የሚያቀርቧትን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ያን ያህል የለፉበትን ሥራ ራሳቸው ውሸት ያደርጉታል።

2. በጎኗ ላይ ያሉትን ጥቁርና ነጭ ሰያፍ መስመሮች ቀብተህ ከሆነ፣ የምታሳየው ቀን የትኛው እንደሆነ ወስን። መስመሮቹ በባልቲክ ባሕር ሳለች የነበሩ ናቸው። ወደ አትላንቲክ ከመውጣቷ በፊት፣ ሜይ 21 ቀን ኖርዌይ ላይ በግራጫ ተሸፍነዋል። ስለዚህ ሜይ 24 ቀን የእንግሊዙን የጦር መርከብ ሁድን ስታሰጥም ላሳይ ካልክ መስመሮቹ መጥፋት አለባቸው። እኔ ግን መስመሮቹን ስለምወዳቸው በባልቲክ ላይ እንዳለች አድርጌ ተውኳት።

3. አሁን ወደ ቫርኒሹ። ላከር የሆነ ቫርኒሽ በኢናሜል ቀለም ላይ በፍጹም አትርጭ! የላከር ማሟሟቻ ኃይለኛ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ኢናሜል ያለሰልሰውና ያስነሣዋል። ይህን ዛሬ በእርግጠኝነት የምነግርህ ዋጋውን ስለ ከፈልኩ ነው። ሻጩን ፊት ለፊት «ቀለሜ ኢናሜል ነው፤ ይስማማዋል?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ማንኛውም ቀለም ላይ ይሆናል» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ቤት ገብቼ ረጨሁት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ በግራ ጎኗ ያለው ጥቁር መስመር እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ፤ ከዚያ ነጩ ተከተለ፤ ከዚያ ሽብሽባቱ ወደ አፍንጫዋ ሄደ። በዚህ ስኬል አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛዋ መርከብ ላይ 35 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አስብ። አንድ መርከበኛ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነበት ሞዴል ላይ ያ ሽብሽባት የሰው ጉልበት የሚደርስ ጉብታ ነው።

ጣሳውን ይዤ ተመለስኩ። ሻጩ ይቅርታ ይላል ብዬ ነበር። «አረጫጨት አትችልም» አለኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ገንዘቡን አልመለሰም፤ እሱስ ይቅር፤ የተጠየቀውን አለማወቁን ቢናገር ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ቀፎ በውኃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ መስመሮቹን እንደገና በወረቀት ፕላስተር ከልዬ ቀባሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ዛሬ ኤግዚቢሽን ላይ ሳቀርባት ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች አጎንብሰው የመስመሮቹን ጠርዝ ይመረምራሉ፤ አንድም ያፈተለከ ቀለም አያገኙም።

አንተ ይህ እንዳይደርስብህ ኢናሜሉ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ። በእጅ ሲነኩት መድረቁ አያታልልህ፤ አፍንጫህን አስጠግተህ አሽትተው፣ የቀለም ሽታ ካለው ገና ነው። ከዚያ በውኃ የሚቀጥን አንጸባራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ በስሱ፣ ደጋግመህ እርጭ። ከሞዴሉ ጋር የሚመጡትን ተለጣፊ ምልክቶች በውኃ ነክረህ የምትለጥፈው በዚህ ላይ ነው። ደብዛዛና ሻካራ ቀለም ላይ ከለጠፍካቸው ከሥራቸው አየር ይቀራል፤ ዳርና ዳራቸው ብርማ ሆኖ ያስቀይምሃል። ጥላውንና ያችን ጥቂት ዝገት በዘይት ቀለም የምትሠራውም በዚሁ ላይ ነው፤ አክሪሊኩ መሐል ስለሚገባ የምትጠርግበት ማሟሟቻ የታችኛውን ኢናሜል አያገኘውም።

በመርከቧ ወለል ዳር የሚቆሙትን ቀጫጭን የናስ አጥሮች ገና አልለጠፍክ ከሆነ ተመስገን ነው። ከምልክቶቹ በኋላ፣ ከመጨረሻው ደብዛዛ ቫርኒሽ በፊት በወረንጦ ይዘህ ለጥፋቸው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ያብረቀርቃል፤ አንዳንዴም ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ይተዋል። ሁለቱንም ደብዛዛው ቫርኒሽ ይሸፍናቸዋል። ደብዛዛውን ግን ከጠርሙሱ ሥር የተዘቀጠው ነጭ ነገር እስኪዋሐድ አማስለው፤ ካልሆነ አንዱ ቦታ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ቦታ አመዳም ይሆናል። ዝናብ ባለበትና እርጥበት በበዛበት ቀን ደግሞ አትርጭ።

ከሁሉ በፊት የሞዴሉ ክፍሎች ተያይዘውበት የመጡትንና የተረፈህን የፕላስቲክ ፍሬም በዚያው ኢናሜል ቀብተህ፣ ደርቆ፣ ያሰብከውን ቫርኒሽ እርጭበትና እስከ ማግስቱ ተወው። ከተሸበሸበ ፍሬሙን ትጥላለህ። የጣሳውን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ብትለጥፈው ዛሬ ማታ አይቼ እነግርሃለሁ።