ሁለት ስፒከር ይዞ ሰራውንድ መግዛት ያዋጣል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አምፕሊፋየሬ ተቃጠለ። ወለል ላይ የሚቆሙ ሁለት ጥሩ ስፒከሮች አሉኝ፤ ጀርባቸው ላይ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ይላል። እኔ ሙዚቃ እሰማለሁ፣ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ ፊልም ያያል። ሶፋችን የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ነው የተቀመጠው። በአንድ ዋጋ ስቴሪዮ ሪሲቨር (ሁለት ስፒከር የሚያሠራ ማጉያ) እና ባለ 7 ቻናል ሰራውንድ (እስከ ሰባት ስፒከር የሚያሠራ) አግኝቻለሁ። የቱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መልሱ ያለው ሶፋህ ላይ ነው። በ5.1 ሰራውንድ (አምስት ስፒከርና አንድ የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ ማለትም ሰብዉፈር) የኋላ ስፒከሮች የሚቀመጡት ከጎንህ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብለው ነው። ጭንቅላትህ ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ለእነሱ ቦታ የለም። ጆሮህ ሥር ይለጠፉና ፊልሙን ትተህ እነሱን ስታዳምጥ ታመሻለህ። ገመዱን በበር ሥር ማሳለፉም ሌላ ጣጣ ነው። የኋላ ስፒከሩ ከካርቶኑ ሳይወጣ የቀረበት ስንት ቤት ገብቻለሁ መሰለህ!

ስለዚህ ስቴሪዮውን ግዛ። በእሱ ገንዘብህ ለሁለት ቻናል ይውላል። በሰራውንዱ ግን ያው ብር ለሰባት ማጉያና ለቪዲዮ ክፍሉ ይከፋፈላል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት እንዳይሸውድህ። ሰራውንዱ 150 ዋት ቢል ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ። ብዙ ጊዜ «አንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ፣ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎኸርዝ፣ 10 በመቶ የድምፅ መዛባት» ዓይነት ነገር ታገኛለህ። ስቴሪዮው ደግሞ «80 ዋት፣ ሁለቱም ቻናል ሲሠራ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ 0.08 በመቶ» ካለ፣ እኔ 80ውን ነው የማምነው፤ የተለካው በከበደ ሁኔታ ነውና። ደግሞስ ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮህ «ትንሽ ከፍ አለ» ብሎ ያልፈዋል።

የምትመርጠው ስቴሪዮ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ይኑረው፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በአንድ ገመድ ይመጣልሃል። የሰብዉፈር መውጫም ቢኖረው አይከፋም። ኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ) መግቢያ ብቻ ካለው የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) ላይ አድርገው። አለበለዚያ ወይ ዝም ይላል ወይ ይንጫጫል። በዚህ ምክንያት ብቻ «አዲሱ ሪሲቨር ሞቷል» ተብሎ ሱቄ የመጣ ዕቃ አለ።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ነው፤ ቤተሰቡ። በስቴሪዮ የተዋናዩ ድምፅ ከስክሪኑ መሃል የሚመጣ የሚመስለው መሃል ለተቀመጠ ሰው ነው። የሶፋው ጫፍ ላይ ላለው ድምፁ ወደ ቅርቡ ስፒከር ይሸሻል። ከጓደኛህ አምፕ ተዋስና ዜና ክፈት፣ ጫፍ ላይ ቁጭ በል። ዜና አንባቢዋ ስክሪኑ ላይ፣ ድምፅዋ ግን ጥግ ላይ ሆኖ ካናደደህ ሰራውንዱን ግዛና አንድ የመሃል ስፒከር ጨምርበት። የኋላዎቹን እርሳቸው፤ በስፒከር ሜኑው ላይ «የለም» በላቸው። የመሃሉን እስክትገዛ እሱንም «የለም» በለው። አለዚያ ሙዚቃው እየተሰማ የተዋናዩ አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ ታያለህ።

የድሮው አምፕ በምን እንደተቃጠለ ግን አልነገርከኝም። አዲሱን ከማገናኘትህ በፊት ገመዶቹን ከአምፑ በኩል ነቅለህ ጫፋቸውን በቴስተር ለካ። ጤነኛ ባለ 8 ኦም ስፒከር ወደ 6 ኦም ገደማ ያሳይሃል። ዜሮ አካባቢ ካሳየህ ገመዱ ወይም ስፒከሩ ሾርት አድርጓል ማለት ነው። ከስፒከሩ ጀርባ ቀይና ጥቁሩ መሃል ያፈነገጠች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ካለች ፈልግ። አዲሱንም የምታቃጥልብህ እሷ ልትሆን ትችላለች።