ቅናሹ አውድማ ላይ ነው

ጥያቄ፦ የምጽፍልሽ ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ፣ ስድስት ልጆቼና አማቴ፤ ዘጠኝ ነን። ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። «ቅናሽ» የሚል ወረቀት ያየሁበት ሱቅ ሁሉ እገባለሁ፤ ወጪው ግን አልቀነሰም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ወረቀት እኔንም ጉድ ሠርቶኛል። አንዴ ሁለት ካርቶን ፓስታ አፍሼ ቤት ስገባ፣ ጊዜው ሊያልፍበት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለጎረቤት አደልኩት።

የእኛ አገር ትልቁ ቅናሽ ሱቅ ላይ አይለጠፍም። ጤፍ የሚረክሰው ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ገበሬው ወቅቶ ሲያወጣ ነው። ክረምት ላይ ይወደዳል። በአንዴ የሚከፈል ብር ከሌለሽ ከጎረቤቶችሽ ጋር ከአሁኑ እያዋጣችሁ አጠራቅሙና ጥር ላይ አንድ ላይ ግዙ። የጭነቱንም ትካፈላላችሁ። ከመክፈልሽ በፊት ቆንጥረሽ ቅመሺው፤ አሸዋ ካለው ጥርስሽ ይነግርሻል።

በርበሬም እንደዚሁ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም አዲሱ ሲገባ። ዛላውን ስትሰብሪው ቀጭ ካላለ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ውኃ በበርበሬ ዋጋ አትግዢ!

እኔ ሁለት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ዳጉሳ ቀላቅዬ አስፈጫለሁ። ልጆቼ አንድ ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ ረሱት።

ሽንኩርት ግን በብዛት አትግዢ፣ ይበሰብሳል። ሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት ሲያከፋፍል ደግሞ አማትሽን ይዘሽ ሂጂ። አሮጊት ወረፋ ላይ ማን ያቆማል?