«ሀብል ለበሰች» ወይስ «ሀብል አደረገች»?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? ስለ እንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የሚያወራ ዶክመንተሪ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ባሏ ልዑል አልበርት ከሞተ በኋላ የሱ ጸጉር ያለበት ሀብል ነበራት። «የለቅሶ ጌጥ ለበሰች» ብዬ ጻፍኩና ለጆሮዬ አልጥም አለኝ። ምን ልበል? ጸጉርስ በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ?

መልስ፦ እህቴ ጆሮሽ ልክ ነው፣ እመኚው። የሚለበሰው ጨርቅ ነው። ሀብል ይደረጋል፣ ጉትቻ ይደረጋል፣ ቀለበት ይደረጋል ወይም ይጠለቃል። አሁን አሁን ቲቪው ሁሉ «ሰዓት ለብሶ» «መነጽር ለብሳ» ማለት ጀምሯል፣ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱን ግስ ሰጥቶታል እኮ። ስለዚህ ቪክቶሪያ ጥቁር ለበሰች፣ ሀብል አደረገች። ጥቁሩንማ አልበርት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1861 ሲሞት የለበሰችው እሷ ራሷ በ1901 እስክትሞት አላወለቀችውም፣ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ለቅሶ ደግሞ የሚደረስ ነው፣ ድንኳኑ ሲነሳ አብሮ ያልቃል። ሐዘን ግን ሰው ልብ ውስጥ ስንት ዓመት ይቀመጣል፣ የሷም ሐዘን ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም።

አሁን ከባዱ «ጌጥ» የሚለው ነው። አክስቴ ባሏ የሞተ ቀን የብር ጉትቻዋን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥረው አይቻለሁ፣ ጸጉሯንም ተላጨች፣ ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ባዶ ነበር። እኛ ጋ ሐዘንተኛ ጌጥ ያወልቃል፣ ጸጉር የሚሰጠውም ቋሚው ነው። እነሱ ጋ ግን የሟቹ ጸጉር ይቆረጥና ሶዳ በገባበት ውሃ ተቀቅሎ ቅባቱ ይወጣለታል፣ ከዛ በጥንቃቄ ተጎንጉኖ መስታወት ስር ይገባል ወይም ራሱ የእጅ አምባር ይሆናል፣ ዙሪያውን ጥቁር ኢናሜል (ብረት ላይ የሚደረግ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅብ)፣ አንዳንዴም እንባ ነው ተብሎ ሉል ይደረድሩበታል። በ1649 አንገቱን የተቀላው የእንግሊዙ ንጉሥ የቀዳማዊ ቻርልስ ወዳጆችም የሱን ጸጉር በቀለበት ይዘው ነበር። እና «የሐዘን ጌጥ» ብቻ ብትይ የኛ ሰው ግራ ይጋባል፣ «የሐዘን መታሰቢያ ጌጥ» በይው። «ማስታወሻ» አትበይ፣ እሱ ደብተርም ይሆናል፣ የሰርግ ስጦታም ይሆናል። ለሞተ ሰው «መታሰቢያ» ነው የሚያምረው።

ጸጉር በጸሎቱ ጸ ነው፣ ግእዙ እንደዛ ስለሆነ። ጠጉርም ትክክል ነው፣ ጾም ጦም እንደሚባለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአልበርት «ቁንዳላ» እንዳትይ፣ ቁንዳላ ረዘም ብሎ የወረደ ጸጉር ነው። «ከጸጉሩ የተቆረጠ» በቂ ነው። ቁንዳላ የሚባለው የአፄ ቴዎድሮስ ነው። በ1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ እንግሊዞች ከሬሳቸው ላይ ቆርጠው ወሰዱት፣ ለንደን ናሽናል አርሚ ሙዚየም ቆይቶ በ2019 ነው ለአገሩ የበቃው። ይሄን «መታሰቢያ» የሚል ጽሁፍ ሳይ ያመኛል፣ የቆረጠው ያዘነ ሰው አይደለማ! ምርኮ ነው፣ ዘረፋ ነው፣ በስሙ ይጠራ።

የልጃቸው የልዑል አለማየሁ ግን ይለያል። በ1879 በ18 ዓመቱ እዛው እንግሊዝ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። በ2023 ለኢትዮጵያ የተመለሰው ጸጉሩ የቆየው በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች እጅ ነበር፣ ባሻ ፈለቀ የምንለው፣ ልጁን ያሳደገው ሰው። እሱን «መታሰቢያ» ብትይው አልከራከርሽም።