ፋውንደርስ ኤዲሽን ወይስ ባለ ሦስት ፋን? ሁለቱንም ይዤ ያየሁት

«ጓደኛዬ ከዱባይ ሊመጣ ነው፤ ሁለት ያገለገሉ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርዶች አግኝቶልኛል። አንዱ የቺፑ ሠሪ የኤንቪዲያ የራሱ ፋውንደርስ ኤዲሽን ነው፣ ሁለተኛው ያንኑ ቺፕ የሚጠቀም የሌላ ካምፓኒ ባለ ሦስት ፋን። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ኬዜ ፊቱ ወንፊት ነው፣ ፓወር ሰፕላዬ 650 ዋት። የቱን ላስመጣ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ከሥር «ሦስት ይበልጣል፣ አለቀ» የሚል መልስ ሲበዛብህ ስላየሁ ነው ረዘም አድርጌ ልጽፍልህ የተነሣሁት። ነገሩ በፋን ቁጥር አያልቅም። እኔ ካርድ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው የሚሞቀው አየር በየት በኩል እንደሚወጣ ነው።

ይህን የተማርኩት በገዛ ኪሴ ነው። የመጀመሪያ ደህና ካርዴ ጂቲኤክስ 1080 ፋውንደርስ ኤዲሽን ነበር። ስሙ ራሱ በፈረንጆች 2016 ከዚያ ካርድ ጋር የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም «ሪፈረንስ» ነበር የሚለው። ኤንቪዲያ ለራሱ 699 ዶላር ሲጠይቅ የሌሎቹ ካምፓኒዎች መነሻ 599 ስለነበር ውዱ የተሻለ ይመስል ነበር፤ እኔም ተሸወድኩ። ካርዱ ብሎወር ነው። አንዲት ፋን ከጫፍ አየር ስባ፣ በተሸፈነ ቱቦ ውስጥ ገፍታ፣ ከኬዙ ኋላ ታስወጣዋለች። ጌም ስከፍት የፀጉር ማድረቂያ የተነሣ ነው የሚመስለው፤ እናቴ ከሳሎን «ምንድን ነው እሱ?» ትለኝ ነበር። 83 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ከዚያ እንዳያልፍ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

ሸጥኩትና ወፍራም ባለ ሁለት ፋን 1080 ገዛሁ። ዝም ያለ ካርድ! በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች 66 ዲግሪ ላይ ቆሞ ሳየው ጮቤ ረገጥኩ። አርባ ደቂቃ ስጫወት ግን 81 ገባ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከወትሮው 12 ዲግሪ ያህል ከፍ አለ። ያኔ የነበረኝ ኬዝ ፊቱ ድፍን፣ ከኋላው አንዲት ፋን ብቻ ያለችው ሣጥን ነው። ብሎወሩ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይተፋው ነበር፤ አዲሱ ግን እዚያው ኬዝ ውስጥ ይበትነዋል። መውጫ ስለሌለው ያንኑ የሞቀ አየር መልሶ መላልሶ ይስበዋል። የጎኑን ሽፋን ፈትቼ ብጫወት ሁሉም ነገር በአንዴ ወረደ። ዛሬም ሰው «ካርዴ ይሞቃል» ሲለኝ መጀመሪያ የማስደርገው ይህንኑ ነው፤ ጎኑን ክፈትና ሩብ ሰዓት ተጫወት። በግልጽ ከወረደ ችግሩ ካርዱ ሳይሆን ኬዙ ነው፣ አዲስ ካርድ አያድንህም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት አለ። «ፋውንደርስ ብሎወር ነው፣ ይጮሃል» የምትሉት የድሮ ወሬ ነው። ኤንቪዲያ ከ2018ቱ 20 ሲሪስ ጀምሮ በፋውንደርሱ ላይ ብሎወር ትቷል። አንተ የምታየው 3080 ደግሞ ለብቻው የሆነ ነገር ነው፤ አንዷ ፋን ከታች ስባ በኋላው ፍርግርግ ታስወጣለች፣ ሌላዋ በላይኛው ፊቱ በኩል ሆና አየሩን በካርዱ ውስጥ አሳልፋ ወደ ላይ፣ ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ራሙ ትልካለች። ኬዙ ከላይና ከኋላ መውጫ ካለው ያምራል። ርዝመቱ 28.5 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ ሁለት ስሎት (ኬዙ ኋላ ያሉት የካርድ ክፍተቶች) ብቻ ነው፤ ለሻንጣም ለትንሽ ኬዝም ይመቻል። ባለ ሦስት ፋኖቹ 3080ዎች አብዛኛዎቹ 30 ሴንቲሜትር የሚያልፉና ሦስት ስሎት ሊሞሉ ምንም የማይቀራቸው ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሜትር ይዘህ ኬዝህን ለካ፤ ከፊት ያሉትን ፋኖች ውፍረት መቀነስ እንዳትረሳ።

የ3080 ፋውንደርስ ድካሙ ያለው ሜሞሪው ላይ ነው። እኔ ያገለገለ ገዝቼ ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ። ቺፑ 76 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ እያየሁት ሜሞሪው 106 ይላል። ጂዲዲአር6ኤክስ የሚባለው ሜሞሪ በጣም ሞቃት ነው፤ 110 ላይ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ይቀንሳል። አብዛኛው ሰው የቺፑን ሙቀት ብቻ አይቶ «ቀዝቃዛ ነው» ይላል፤ ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባለው የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ላይ የሜሞሪውን መስመር ፈልገህ ካላየህ አልታወቀህም። ሁለት ዓመት ሙሉ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍር የከረመ ካርድ ከሆነ ደግሞ (በ2022 መጨረሻ ገበያው ላይ የፈሰሰው አብዛኛው እሱ ነው) በሜሞሪውና ሙቀቱን በሚያወጣው ብረት መሃል ያለው ፓድ (ሙቀት አስተላላፊው ለስላሳ ንጣፍ) ደርቆና ዘይቱ ወጥቶ ታገኘዋለህ።

ፓዱን ልቀይር ብዬ ከፈትኩት። አከፋፈቱ ያሳቅቃል፤ ቀጫጭን ሪባን ገመዶች አሉበት፣ በጥፍር ነው የሚነቀሉት፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ተወው። እኔ አልተንቀጠቀጥኩም፤ የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ከነበረው ወፈር ያለ ፓድ ለጠፍኩ፣ ወፍራም ይሻላል ብዬ። ገጥሜ ሳበራው ሜሞሪው 84፣ ቺፑ 88! ፓዱ ብረቱን ከፍ አድርጎት ቺፑን በደንብ አልነካውም። በሁለተኛው ቀን ትክክለኛውን ውፍረት ፈልጌ፣ ቺፑ ላይ የሚቀባውን ፔስትም እንደገና ቀብቼ ነው የተስተካከለው። ከፍተህ የምትቀይር ከሆነ የድሮውን ፓድ ውፍረት ሳትለካ እንዳትጥለው።

ባለ ሦስት ፋን ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ያው ካምፓኒ ለአንዱ ቺፕ ርካሹንም ውዱንም መስመር ይሠራል፤ ከውጭ ሦስት ፋን ታያለህ፣ ከሥሩ ግን የአንዱ ብረት ወፍራምና ከባድ፣ የሌላው ስስ ነው። እኔ የካርዱን ክብደት ነው የምጠይቀው። ሣጥኑ ላይ «ኦሲ» (ፍጥነቱ ከፋብሪካ ከፍ የተደረገ) ተብሎ ስለተጻፈ ጭማሪ ገንዘብ አልከፍልም፤ ጌም ውስጥ ልዩነቱን በዓይንህ አታየውም። የእውነት የሚያስከፍለው ጸጥታው ነው። ጥሩው ባለ ሦስት ፋን፣ ሥራ ከሌለው ፋኖቹ ጭራሽ ይቆማሉ፤ ማታ ቤተሰብ ተኝቶ ለምትሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲበላሽም ፋኑ ተፈትቶ የሚቀየርበት ዕድል ከፋውንደርሱ ይሻላል።

እዚህ አገር ብቻ የሚነሣ አንድ ጉዳይ ልጨምር። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳር አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋን ያው ፋን ነው፣ ዙሩም ያው ነው፣ የሚያነሣው አየር ግን ቀሎታል። ስለዚህ የውጭ ሰው ዩቲዩብ ላይ ያሳየህን ወይም ሻጩ ዱባይ ኤሲ ክፍል ውስጥ የለካውን ዲግሪ እዚህ ባታገኘው ካርዱ ተበላሽቷል ብለህ አትደንግጥ። ክፍላችን ቀዝቀዝ ማለቱ የተወሰነውን ይመልስልናል። ከባድ ብረት ያለውን ካርድ የማበረታታው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አቧራውማ ያው ታውቀዋለህ፤ የሰፈሩ ግንባታ በሙሉ ፋንህ ላይ ነው። ጎሚስታ ወስደህ በኮምፕረሰር ልታስነፋ ካሰብክ (እኔ አድርጌዋለሁ) ፋኖቹን በጣትህ ያዛቸው፤ በንፋሱ ከልክ በላይ ከተሽከረከሩ ይበላሻሉ። ቧንቧው ውኃ እንዳይተፋ ደግሞ መጀመሪያ ወደ መሬት ያስነፋልህ።

ፓወርህ አያስደስተኝም። ኤንቪዲያ ለ3080 የሚመክረው 750 ዋት ነው። ካርዱ ለራሱ 320 ዋት ይወስዳል፤ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያ በላይ ዘሎ ይስባል፣ ደካማ ፓወር ያኔ ድርግም ይላል። ባለ ሦስት ባለ 8 ፒን መሰኪያ የሆኑት ባለ ሦስት ፋኖች ከፋውንደርሱም በላይ እንዲስቡ የተሠሩ ናቸው፤ ለአንተ ባለ ሁለቱ ይሻልሃል። እስክትቀይረው ድረስ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም የሚስበውን ኃይል ጣሪያ 250 ዋት ገደማ ላይ ዝቅ አድርገው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የምጫወተው፤ ከመቶ ፍሬም አምስት ስድስቱን ባጣ ነው፣ ሙቀቱና ጩኸቱ ግን ሌላ ካርድ የገዛሁ እስኪመስል ወረደ።

ኬዝህ ፊቱ ወንፊት ከሆነና ርዝመቱ ከገባ ባለ ሦስት ፋኑን አስመጣ። ፋውንደርሱን የምትወስደው ኬዝህ ካጠረ ወይም ደህና ቅናሽ ካገኘህ ብቻ ነው፤ ያኔም ባለ 12 ፒኗን አስማሚ ገመድ ሳታይ ገንዘብ እንዳይከፈል። ባለ 8 ፒን ሁለት ገመድ ወደ አንዲት ትንሽ መሰኪያ የምትቀይር ናት፤ ያገለገለ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ እሷ ትጠፋለች፣ እዚህ ደርሶ መፈለግ ጣጣ ነው። ጓደኛህ የትኛውንም ቢይዝ ሻጩ ፊት ሃያ ደቂቃ ጌም ያስኬድበትና የሜሞሪውን ዲግሪ በስልኩ ቀርጾ ይላክልህ። ቪዲዮውን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።