በዙፋኑ ፊት፦ ስለ ሰማዩ አምልኮ ለጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ኅዳር 8 አርባዕቱ እንስሳ (በዙፋኑ ዙሪያ ያሉት አራቱ እንስሶች)፣ ኅዳር 24 ደግሞ ካህናተ ሰማይ (ሃያ አራቱ ሽማግሌዎች) የሚታሰቡበት ወር ስለሆነ፣ ስለ ሰማዩ አምልኮ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ ተከታተሉኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዮሐንስ 1፥18 «እግዚአብሔርን ያየው አንድ ስንኳ የለም» ይላል። ኢሳይያስ ግን «አየሁት» ይላል። እንዴት ይታረቃል?

ኢሳይያስ 6ን ቀስ ብለህ አንብበው። «ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት» ብሎ ይጀምርና ጌታን ከፍ ባለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ እንዳየው ይናገራል። ከዚያ ምን አየ? የልብሱን ዘርፍ። ዘርፉ ብቻ መቅደሱን ሞልቶታል። ስለ ፊቱ አንዲት ቃል የለም። ወዲያው ወደ ሱራፌል (ባለ ስድስት ክንፍ መላእክት)፣ ወደሚናወጠው መድረክ፣ ቤቱን ወደሞላው ጢስ ያልፋል።

ሕዝቅኤልም በኮቦር ወንዝ አጠገብ ያየውን ሲጽፍ «አምሳያ»፣ «ምሳሌ»፣ «መልክ» እያለ ቃላቱን ይደራርባል፤ በመጨረሻም በግንባሩ ይደፋል። ዮሐንስ በራእይ 4 የሚነግረን የኢያሰጲድና የሰርዲኖን ዕንቁ ቀለም፣ መረግድ የመሰለ ቀስተ ደመና ነው። ዳንኤል 7 ስለ ልብሱና ስለ ጠጉሩ ነጭነት ጥቂት ይጨምራል፣ እሱም ቶሎ ወደ እሳቱ ዙፋንና ወደሚያገለግሉት ሺህ ጊዜ ሺህ ያዞረናል። ነቢያቱ እውነት አይተዋል፣ ያዩት ግን ለሰው አቅም ተመጥኖ የተገለጠውን ነው። ባሕርዩን ያየ የለም። ዮሐንስ 12፥41 ደግሞ ኢሳይያስ ያየው የክርስቶስን ክብር እንደሆነ ይመሰክራል።

እኔ ከዓመት ዓመት እነዚህን ምዕራፎች ሳነብ የማስተውለው አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔርን ግርማ የሚያሳየን በፊቱ የቆሙት ምን እንደሚያደርጉ በመንገር ነው። ከታች ያሉትንም መልሶች በዚህ አንብቧቸው።

ጥያቄ፦ ዖዝያን ለምን ተጠቀሰ? ለዘመን ቁጥር ብቻ ነው?

ለዘመን ቁጥርም ነው፣ ግን 2ኛ ዜና መዋዕል 26ን ካነበብሽ ሌላም ይታይሻል። ዖዝያን 52 ዓመት የነገሠ ኃያል ንጉሥ ነበር። በበረታ ጊዜ ልቡ ታበየ፣ የካህናቱን ድርሻ ወስዶ ሊያጥን መቅደስ ገባ። ካህናቱ ቢከለክሉት ተቆጣ፤ ጥናውን በእጁ እንደያዘ ለምጽ በግንባሩ ላይ ወጣበት፣ እስኪሞትም ድረስ ለብቻው በተለየ ቤት ተቀመጠ። ኢሳይያስ ደግሞ ንጉሡ በሞተበት በዚያው ዓመት መቅደሱን አይቶ «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው ነኝና ወዮልኝ» አለ። ንጉሡ በራሱ ሥልጣን ወደ መሠዊያው ሄደ፤ ለነቢዩ ግን ሱራፊው ከመሠዊያው ፍሙን በጉጠት ይዞ እሱ ወዳለበት መጣ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ጥያቄ፦ የሱራፌል ክንፍ ለምን ስድስት?

በሁለቱ ፊታቸውን፣ በሁለቱ እግራቸውን ይሸፍናሉ፣ በሁለቱ ይበርራሉ። ከስድስቱ አራቱ ለመሸፈኛ ናቸው። ኃጢአት የሌለባቸው መላእክት እንኳ በፊቱ እንዲህ ናቸው።

ጥያቄ፦ አርባዕቱ እንስሳ በሕዝቅኤል አራት አራት ፊት አላቸው፣ በዮሐንስ ግን እያንዳንዳቸው አንድ። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም። ራእይ እንደ ባለ ራእዩና እንደ መልእክቱ ይገለጣል። የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ገጽ በሁለቱም አለ። አባቶቻችን ገጸ ሰብእን ለማቴዎስ፣ ገጸ አንበሳን ለማርቆስ፣ ገጸ ላሕምን ለሉቃስ፣ ገጸ ንስርን ለዮሐንስ ሰጥተው አስተምረዋል። ደግሞም ገጸ ሰብእ ለሰው፣ ገጸ አንበሳ ለአራዊት፣ ገጸ ላሕም ለእንስሳት፣ ገጸ ንስር ለአዕዋፍ እንደሚለምኑ ይነገራል። እኔ ይህን ትምህርት በጣም እወደዋለሁ፤ ፍጥረት ሁሉ በዙፋኑ ዙሪያ ወኪል አለው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ «መላእክት ቀንና ሌሊት ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ሲሉ አይሰለቻቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

የልጅሽ ጥያቄ የትልቅ ሰው ጥያቄ ነው። ራእይ 4፥8 ስለ ዕረፍት አልባው ምስጋና ከመናገሩ በፊት እንስሶቹ በዙሪያቸውም በውስጣቸውም ዓይን የሞላባቸው መሆኑን ይናገራል። የሚያመሰግኑት እያዩ ነው፤ የሚያዩት ደግሞ አያልቅም። እሷ ሕፃን ሳለች ተኝታ እንኳ ስታዪያት ትውዪ አልነበር? ማንም አስገድዶሽ አይደለም። ይህን ንገሪያት፣ ይገባታል።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ምስጋና ለምን ይፈልጋል? ጎድሎት ነው?

አልጎደለውም። በመዝሙር 49 (በሌላው ቁጥር 50) «ብራብም ለአንተ አልነግርህም» ይላል። ጳውሎስም በአቴና «አንዳች እንደሚጎድለው በሰው እጅ አይገለገልም» ብሏል። ሃያ አራቱ ሽማግሌዎች አክሊላቸውን በዙፋኑ ፊት ሲያኖሩ ከራሳቸው ያመጡት የለም፣ የሰጣቸውን ነው የሚመልሱት። ምስጋናቸውም ምክንያት አለው፦ «አንተ ሁሉን ፈጥረሃልና።»

የዘመኑንም ሁኔታ አስብ። የ2ኛው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ እንደጻፈው ዮሐንስ ይህን ያየው በሮማዊው ንጉሠ ነገሥት በድምጥያኖስ መንግሥት መጨረሻ ነው። ድምጥያኖስ (እ.ኤ.አ. 81–96) «ጌታችንና አምላካችን» መባልን ይወድ እንደነበር ሮማዊው ጸሐፊ ስዌቶኒዮስ መዝግቧል። በዚያ ዘመን ሽማግሌዎቹ «ጌታችንና አምላካችን ሆይ» ብለው ለሌላ ዙፋን ሲሰግዱ መስማት ለተሰደዱት ክርስቲያኖች ምን ማለት እንደነበር ገምተው።

ጥያቄ፦ ራእይ ምዕራፍ 5 ላይ ዮሐንስ ለምን ያለቅሳል? በሰማይ ልቅሶ አለ እንዴ?

በሰባት ማኅተም የታተመው መጽሐፍ በዙፋኑ ላይ በተቀመጠው ቀኝ እጅ ነው፤ ሊከፍተው ወይም ሊመለከተው የሚገባው ግን በሰማይም በምድርም ከምድር በታችም አልተገኘም። ዮሐንስ እጅግ ያለቀሰው ለዚህ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አታልቅስ፣ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሥቶአል» ይለዋል። ዮሐንስ አንበሳ ለማየት ዞር ሲል በግ አየ፤ የታረደ የሚመስል፣ ግን የቆመ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሰማይ ዝማሬ ሁሉ የሚሰፋው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንስሶቹና ሽማግሌዎቹ በበጉ ፊት ወድቀው አዲስ ቅኔ ይዘምራሉ። ቀጥሎ እልፍ ጊዜ እልፍና ሺህ ጊዜ ሺህ መላእክት ኃይልን፣ ባለጠግነትን፣ ጥበብን፣ ብርታትን፣ ክብርን፣ ምስጋናንና በረከትን ሰባቱንም ለበጉ ይሰጣሉ። ከዚያ በሰማይ፣ በምድር፣ ከምድር በታችና በባሕር ያለ ፍጥረት ሁሉ ለተቀመጠውና ለበጉ በአንድ ምስጋና ይዘምራል። የእግዚአብሔር ግርማና የበጉ ቁስል በአንድ ዙፋን ላይ ናቸው። ግርማውን ከመስቀሉ ለይቶ የሚሰብክ ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቅዳሴ ካየሁ ዓመታት አለፉኝ። ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጸልያለሁ። ይህ ከሰማዩ አምልኮ ይቆጠራል?

እኅቴ፣ ይቆጠራል። ዮሐንስ ራሱ ያን ቀን የት ነበር? ራእይ 1፥9–10ን እይው። ስለ እግዚአብሔር ቃል ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበር፤ ቀኑም የጌታ ቀን ነበር። የሰማዩ ደጅ የተከፈተለት እዚያው ሆኖ ነው። ሕዝቅኤልም ራእዩን ያየው በምርኮ አገር ነው።

አሁን ራእይ 5፥8ን አንብቢ፤ ሽማግሌዎቹ የያዙት የወርቅ ዕቃ የሞላው «የቅዱሳን ጸሎት» በሆነ ዕጣን ነው። በ8፥3–4 ደግሞ መልአኩ የወርቅ ጥና ይዞ ዕጣኑን ከቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ጋር በዙፋኑ ፊት ያሳርጋል። «ሁሉ» የሚለው ውስጥ አንቺም አለሽ። የአንቺ ዝቅተኛ ድምፅ እዚያ ይደርሳል። ቅዳሴውን መናፈቅሽንም አትተይ፤ እግዚአብሔር መንገዱን እስኪከፍትልሽ ድረስ ዳዊትሽን ድገሚ።

ጥያቄ፦ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከሰማይ ተማረ የሚባለው ከዚህ ጋር ይያያዛል?

አዎ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት በ6ኛው መቶ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ጊዜ ወደ ሰማይ ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰምቷል፤ ተመልሶም በአክሱም ጽዮን «አርያም» ብሎ ዘምሯል። በዚያ ዜማ ሙሴ የድንኳኑን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ መታየቱን ያነሣል፤ ዕብራውያን 8፥5ም የምድሩ ድንኳን የሰማዩ ምሳሌ እንደሆነ ይናገራል። ማኅሌት ላይ ስትቆም ይህን አስብ።

ጥያቄ፦ ከየት ማንበብ ልጀምር?

ከኢሳይያስ 6፣ ቀጥሎ ሕዝቅኤል 1፣ ዳንኤል 7፥9–14፣ ከዚያ ራእይ 4 እና 5። ሁለቱን የራእይ ምዕራፎች በአንድ ጊዜ አንብባቸው፣ አትለያያቸው። ድምፅህን አውጥተህ ብታነብ ደግሞ ይሻላል።