«በግል ጉዳይ ምክንያት» ብለሽ ፈርመሻል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሦስት ዓመት በኦፐሬተርነት ሠርቻለሁ። የላይናችን ሱፐርቫይዘር እየነካካ አስቸገረኝ። «እሺ ካላልሽ ኦቨርታይም የለም» ይለኛል። ፋብሪካው የሴቶች ጥቃት መከላከያ ፕሮግራም አለው። ሥልጠና ወስደናል፣ ፖስተር ተለጥፏል፣ ኮሚቴም ተቋቁሟል። ለኮሚቴው ነገርኩ። «እያጣራን ነው» ከማለት በቀር ምንም አላደረጉም። ሲመረኝ ከሥራ ወጣሁ። ካሳ አገኛለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የደረሰብሽን ነገር ሕግ ይከለክላል። ለመናገር መድፈርሽም ቀላል አይደለም። ግን የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አንብቤ ዋናውን ነገር አጣሁት። «ወጣሁ» ብለሻል። እንዴት ነው የወጣሽው? ደብዳቤ ጽፈሽ? ዝም ብለሽ ቀርተሽ? ወይስ ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ያዘጋጀውን ወረቀት ፈርመሽ?

መጀመሪያ ሕጉን ባጭሩ ልንገርሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወሲባዊ ትንኮሳ በቃልም በምልክትም ሊፈጸም ይችላል። ኃይል ከታከለበት ወሲባዊ ጥቃት ይባላል። ድርጊቱን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። የሥራ ስንብት ክፍያ ይከፈላታል፤ በዚያ ላይ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ አለ። ለሦስት ዓመት አገልግሎት ስንብቱ የ50 ቀን ደመወዝ ገደማ ነው። በድምሩ የ140 ቀን ደመወዝ ማለት ነው፤ ላንቺ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። እንዳንቺ ያሉ ልጆች ሲመጡ ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ወረቀት ነው። ልጅቷ ተማርራ ክሊራንስ (ከፋብሪካው ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት) እና የመጨረሻ ደመወዟን ልትወስድ ኤች አር ቢሮ ትገባለች። «መጀመሪያ መልቀቂያ ጻፊ» ትባላለች። ምን ብላ እንደምትጽፍም ይነግሯታል፦ «በግል ጉዳይ ምክንያት በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ።» ትፈርማለች፣ ብሯን ትወስዳለች፣ ትሄዳለች። ከወር በኋላ እኔ ጋ ትመጣለች። ፍርድ ቤት ስንቀርብ የፋብሪካው ጠበቃ ያንን ወረቀት ያወጣል። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለምን መሰለሽ? አምስት ዓመት ሳይሞላት በራሷ ፈቃድ የለቀቀች ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የላትም። ካሳማ አይታሰብም። ያ አንድ መስመር የ140 ቀኑን ደመወዝ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ማለት ይቻላል፤ ግን መገደድሽን የማስረዳቱ ሸክም አንቺ ላይ ነው። ምስክር ከሌለ ከባድ ነው። ጽፈሽ ወይም ፈርመሽ ከሆነ ከእኔ አትደብቂ፤ ከምትቀጥሪው ጠበቃም አትደብቂ። ቅጂውን ጠይቀሽ ውሰጂ። ዝም ብለሽ ቀርተሽ ከሆነም ችግሩ ሌላ ነው፦ ፋብሪካው «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ቀረች» ይላል።

ሕጉ የሚፈልገው ሠራተኛዋ የለቀቀችበትን ምክንያትና የምትለቅበትን ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቅ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። በአዋጁ አንቀጽ 33 መሠረት በዚህ ምክንያት ሥራ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ይቀራል። ሱፐርቫይዘሩ ለመጨረሻ ጊዜ የነካሽ መቼ ነው? ይህንንም አልነገርሽኝም። «እያጣራን ነው» እየተባለ ወር ካለፈ፣ ኮሚቴው አጣራም አላጣራም ቀኑ ይቆጠራል።

ስለ ኮሚቴው ያለኝን ልናገር። ፕሮግራሙን አልጠላውም። ስለዚህ ጉዳይ ጭራሽ የማይወራባቸው ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ፖስተሩም ሥልጠናውም ለውጥ ነው። ግን ኮሚቴው የፋብሪካው ነው፣ መዝገቡም በፋብሪካው እጅ ነው። በቃል የነገርሽው ነገር ነገ «አልሰማንም» ሊባል ይችላል። ላንቺ ደግሞ ይህ ከሌሎች ይበልጥ ይጎዳል። የላይን ሱፐርቫይዘር በሕጉ ዓይን «የሥራ መሪ» ላይሆን ይችላልና። የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም ሠራተኛ የመመደብ ሥልጣን አለው ወይ ተብሎ ይመረመራል። የለውም ከተባለ እንደ ሥራ ባልደረባሽ ይቆጠራል። ያኔ የስንብት ክፍያ ለማግኘት ጉዳዩን ለአሠሪው ማሳወቅሽንና አሠሪው በጊዜው ተገቢውን እርምጃ አለመውሰዱን ማስረዳት አለብሽ። የ90 ቀኑ ካሳም አከራካሪ ይሆናል።

ስለዚህ የፕሮግራሙን ወረቀት ለራስሽ ጥቅም አውዪው። የፋብሪካውን የጥቃት መከላከያ ፖሊሲ ቅጂ አፈላልጊ። ኮሚቴው በስንት ቀን መልስ መስጠት እንዳለበት ከተጻፈ፣ ያ ለክርክርሽ ትልቅ ነገር ነው። ለማን እንደነገርሽ፣ መቼ፣ ማን እንደነበረ ዛሬውኑ ጻፊ። በቴሌግራም የላከልሽ ነገር ካለ አታጥፊው። የቅጥር ውልሽን፣ የደመወዝ ስሊፕሽንና የፋብሪካ መታወቂያሽን አንድ ላይ አድርጊ። አብረውሽ ካሉት ልጆች ያዩትን ለመመስከር ፈቃደኛ የሆነች ካለች ስሟን ያዢ።

እስካሁን ምንም በጽሑፍ ካልሰጠሽ፣ የለቀቅሽበትን እውነተኛ ምክንያት ጽፈሽ ለፋብሪካው አስገቢ። ቅጂሽ ላይ የተቀበሉበት ፊርማና ቀን ይኑር። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪው። አደራ፣ ቀኑን ወደ ኋላ መልሰሽ እንዳትጽፊ። ያ ያለሽን ጉዳይም ያበላሸዋል።

ወንጀሉ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አሠሪነትን መከታ አድርጎ በሴት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ድርጊት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 ያስቀጣል፤ ግን ተበዳይዋ አቤቱታ ማቅረብ አለባት። አቤቱታው ደግሞ ድርጊቱ ወይም ፈጻሚው ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ኃይል ከነበረበት አንቀጹም አካሄዱም ይለያል፤ ፖሊስ ጋ ለመሄድ አትዘግዪ።

ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት ይታገዳል። በሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም፣ ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ። ለጠበቃ ካልቻልሽ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም ጠይቂ። እኔ የጻፍኩት በላክሽልኝ ጥቂት መስመር ላይ ተመሥርቼ ነው፤ ወረቀቶችሽን ያየ ሰው የሚነግርሽ ከዚህ ሊለይ ይችላል። ክሊራንሱን ገና ካልወሰድሽ ደግሞ፣ የሕግ ባለሙያ ሳያነብልሽ አንድም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ።