የአንጎል ሞገድ ምርመራ ኦቲዝምን ይለያል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የሦስት ዓመት ልጅሽ ስሙ ሲጠራ ዞር እንደማይልና አፉን እንዳልፈታ ጽፈሽ፣ ኦቲዝምን በአንጎል ሞገድ ቀድሞ ለመተንበይ የሞከረ የአሜሪካ የቦስተን ጥናትም ጠቅሰሽ፣ «በኢኢጂ (በአንጎል ሞገድ ምርመራ) ብናስመረምረው ኦቲዝም መሆን አለመሆኑ ይታወቃል ወይ?» ብለሻል። አይታወቅም። እኔ ይህን ለመረዳት ስምንት ወር ከስሬበታለሁ።

እኛም አዳማ ነን። የልጃችን የአዲስ አበባው የኢኢጂ ቀጠሮ ሲደርስ «እንቅልፍ ሳይጠግብ ይምጣ» ስለተባልን ከአባቱ ጋር እየተፈራረቅን ስናጫውተው አደርን፤ እሱ ግን ፈጣን መንገዱ ላይ ሞጆን እንኳ ሳናልፍ ለጥ ብሎ ተኛ። ምርመራው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቁልጭ አለ። በዚያ ላይ አያቱ «መንገደኛ ነው» ብለው ዋዜማውን ራሱን ቅቤ ቀብተውት ነበርና ሽቦዎቹ አልይዝ አሉ። ፀጉሩ ታጥቦ፣ ምንም ሳይቀባ መሄድ እንዳለበት የነገረን አልነበረም። ለሁለተኛው ቀጠሮ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ የሹራብ ኮፍያ እያደረግን፣ በእርጥብ ጥጥ ግንባሩን እየነካካን አለማመድነው፤ ራሱን ሲነኩት የሚጮህ ልጅ ነው። ምርመራው ግን አያሳምምም። መሣሪያው በማይክሮቮልት የሚለካ ደካማ ምልክት ከራስ ቅሉ ላይ ይቀዳል እንጂ ወደ ልጁ ኤሌክትሪክ አይልክም።

ውጤቱ «ጤናማ» ሆነ። ያነጋገረን ባለሙያ «እንግዲያው ኦቲዝም የለበትም፤ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ብሎ ሸኘን። በደስታ ተመልሰን የንግግር ሕክምናውን ተውነው። ከስምንት ወር በኋላ ያየችው የሕፃናት ሐኪም ያን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ኳስ አንከባለለችለት፤ እሱ ግን መጫወቻ መኪናዋን ገልብጦ ጎማዋን ብቻ ሲያሽከረክር ዝም ብላ አየችው። ከዚያ እኛን ከተወለደበት ጀምሮ ስላለው ነገር አንድ በአንድ ጠየቀችን። ኦቲዝም የሚለየው እንዲህ ነው፤ ጠባይን በማየትና ወላጅን በመጠየቅ።

ኢኢጂ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለ ወይ የሚለውን። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌላው ልጅ ይበልጥ ይታያል። ልጅሽ ድንገት ፈዝዞ የሚቀር፣ ትከሻውን ስትነኪው እንኳ የማይመለስ ከሆነ፣ ወይም ያወጣቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ በስልክሽ ቅረጪና ለነርቭ ሐኪም አሳዪ። ያን ጊዜ ምርመራው ወጪ ቢወጣበት ይገባዋል።

የጠቀስሽው የቦስተን ጥናትም ውሸት አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ያ ሥራ ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያላቸውን 99 ሕፃናትና ሌሎች 89 ሕፃናትን ከሦስት ወራቸው ጀምሮ ተከታትሎ፣ ሞገዳቸውን በኮምፒውተር በመተንተን ኋላ ኦቲዝም ይታይባቸው እንደሆነ ለመተንበይ የሞከረ ነው። ሰው ፊት ሲያይ ከ170 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የሚነሣው ሞገድ ኦቲዝም ባለባቸው ላይ እንደሚዘገይም ተመራማሪዎች አይተዋል። ነገር ግን ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ ኦቲዝም እያለበት ሞገዱ የማይዘገይ ልጅ ሞልቷል። ክሊኒክ የሚሰጥሽ ወረቀትም ይህን ትንተና አይዝም።

ስለዚህ ገንዘቡን መጀመሪያ ለሕፃናት ሐኪምና ለንግግር ሕክምና አውዪው፤ የምርመራ ስም እስኪሰጠው አትጠብቂ። ለመሆኑ ፈዝዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ? እሱን አልጻፍሽልንም።